ቦሩ ቤት ትመጣና

በየከተማው አንድ አይጠፋም። ምግብ ቤት ገብቶ፣ ያዘዘው ገና ሳይቀርብለት፣ ከንፈሩን ወደ አንድ ጎን ሰብሰብ አድርጎ «ይሄማ ቤት ቢሠራ ኖሮ…» ብሎ የሚጀምር ሰው። ከእሱ ጋር ቁጭ ብሎ አንድ ዳቦ በሰላም የጨረሰ ፍጡር የለም። እናንተ ትበላላችሁ፣ እሱ ይፈርዳል። እቤቱ ምን እንደሚጣድ፣ ማን እንደሚያማስል ግን ከወዳጆቹ አንድም ሰው አይቶ አያውቅም። በአፉ ይከትፋል፣ በአፉ ያቁላላል፣ በአፉ ያወጣል። ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል፤ የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምግብ ግን በወሬ ብቻ ተጭኖ አገር ያዳርሳል።

ጅማ ለዚህ ማዕረግ ያቀረበችው ቲጃኒን ነው። ሙሉ መጠሪያው ክቡር ቲጃኒ፣ የቦሳ አዲስ ሰፈር ሚዛን ጠጋኝ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ እስከ አጋሮ የሚገኙ የሳንዱች ቤቶች ሁሉ የበላይ ጠባቂና ይግባኝ የማይባልበት ዳኛ ነው። ይህን መጠሪያ ያወጣለት ፈለቀ ነው። ፈለቀ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነው፤ በወጣትነቱ ከደብረ ብርሃን መጥቶ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ጎጆ ቀልሶ፣ ልጆች አሳድጎ፣ የአገሩን ብርድ ከረሳ ቆይቷል። ሁለቱ ቦሳ አዲስ ላይ አንድ በር ተጋርተው ይሠራሉ። በስተቀኝ የቲጃኒ ሚዛኖች ተንጠልጥለዋል፣ በስተግራ የፈለቀ መኪናዎች አንገታቸውን ደፍተዋል።

ቡና ሲደርስ በየከተማው ሚዛን መዋሸት ይጀምራል፣ ቲጃኒ ይጠራል። ገበሬው እጁ ላይ ትንሽ ብር ሲገባ ለቤተሰቡ ልብስ ያሰፋል፣ የስፌት መኪናው ይደክማል፣ ፈለቀ ይጠራል። ስለዚህ በገበያ ቀን ሁለቱ ዕቃቸውን በየትከሻቸው አንግተው በአንድ ሚኒባስ ይሳፈራሉ። ሥራውን ጨርሰው ሲርባቸው የሚሆነውን ፈለቀ በቃሉ ያውቀዋል።

የፍርድ ቤቱ ዋና ችሎት የባህሪያ እርጥብ ቤት ነበር፣ ኪቶ ፉርዲሳ፣ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ በር ፊት ለፊት፣ በሸራ የተጋረደች አንዲት ክፍል። እርጥብ ማለት መሃሉ የተሰነጠቀ ዳቦ ውስጥ የተጠበሰ ድንችና የቲማቲም ስልስ የሚታጨቅበት፣ ስንቱ ተማሪ ዲግሪውን የያዘበት ምግብ ነው። ቲጃኒ ሲቀርብለት ወዲያው አይጎርስም። መጀመሪያ መዳፉ ላይ አድርጎ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ የሙያ ነገር ነው። «ወደ ዳቦው ያደላል» ይላል። ቀጥሎ ከፈት አድርጎ ያየዋል። ከዚያ ብይኑን ያነባል።

«ይሄ ሳንዱች አይደለም አቦ! ዳቦና ድንች ሳይተዋወቁ አንድ ቤት የተከራዩ ናቸው።»

«ታዲያ አንተው አስተዋውቃቸዋ፣ ጋሼ!» ትላለች ባህሪያ ከምድጃዋ ቀና ሳትል።

ያስተዋውቃቸዋል። ከካቻቢቴውና ከሚዛን ድንጋዮቹ መሃል አንዲት የድሮ የማር ጠርሙስ ያወጣል። ውስጧ ቆጭቆጫ ነው፤ ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ኮረሪማው አብሮ የተፈጨ፣ ክዳኑ ሲከፈት አጠገብ የተቀመጠውን ተማሪ የሚያስነጥስ። ለራሱ አንድ ማንኪያ፣ ለፈለቀ አንድ ማንኪያ ያደርጋል። «በገዛ እጄ የፈጨሁት ነው፤ ወላሂ በድንጋይ!» ይላል። ከዚያ ያንን ሳንዱች ያልሆነውን ነገር ፍርፋሪ ሳያስተርፍ ይበላዋል። ስህተቱን ለማረጋገጥ ሲልም አንድ ተጨማሪ ያዝዛል።

የእሱ ቤት እርጥብ እንዴት እንደሚሠራ የሚገልጸው ሁለተኛው ላይ ነው።

«እኔ ቤት ድንቹ መጀመሪያ ይቀቀላል፤ ግማሽ ብቻ! አውጥተህ ታሳርፈዋለህ። ሰው እንኳ ከመንገድ ሲገባ ያርፍ የለም? ከዚያ ትጠብሰዋለህ። ሽንኩርቱን አታቻኩለው፤ የተቻኮለ ሽንኩርት ይመራል። አሁን ስማኝ፤ ዳቦውን ሰንጥቀህ ስልሱ ከሚንተከተክበት ድስት አፍ ላይ በሆዱ ትደፋዋለህ። በእንፋሎቱ ይለሰልሳል፣ የድስቱን ሽታ ይጠጣል። ዳቦና ድንች የሚተዋወቁት እዚያ ላይ ነው፤ ሳይገናኙ በፊት። ምን አደክምሃለሁ! ቦሩ ቤት ትመጣና ታየዋለህ።»

ቦሩ በኦሮምኛ ነገ ማለት ነው። ጅማ ውስጥ አማርኛ እየተናገረም ቦሩ የሚል ሞልቷል፤ ቲጃኒ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ቃሉ ቀንም ሰዓትም አልነበረውም። ፈለቀም «እሺ፣ ቦሩ» ይላል። እንዲህ ለሚል ሰው «ስንት ሰዓት?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ማፋጠጥ ይሆናል። ሁለቱም ይስቃሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ወደ ሱቃቸው ይመለሳሉ።

አጋሮ ላይ አንድ ጊዜ እንቁላል በዳቦ አዝዘው፣ ቲጃኒ መታገሥ አቅቶት ቦርሳውን እንዳነገተ ወጥ ቤት ገባ። ባለቤቱ ቦርሳውን፣ የሚዛን ድንጋዩንና የተኮሳተረ ፊቱን አይቶ የጤና ቁጥጥር ሰው መሰለው። ወለሉ በአፍታ ተጠረገ፣ ሠራተኞቹ ሽርጥ አሰሩ፣ ሁለቱ እንግዶች መስኮት አጠገብ ወዳለው ጠረጴዛ ተዛወሩ። ቲጃኒ አልካደም፣ አላመነምም። «የሽንኩርቱ አያያዝ ይስተካከል፤ ዳቦውም እንፋሎት ያግኝ» ብሎ ወጣ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሲመለሱ እውነትም ዳቦው እንፋሎት አግኝቶ ነበር። ቲጃኒ በላና «ተሻሽሏል፤ ቢሆንም ቤት ከሚሠራው ጋር አይወዳደርም» አለ።

ሰርቦ ላይ ሳምቡሳን እንዳለ ዳቦ ውስጥ ከትተው ሲያቀርቡለት «ሊጥ በሊጥ ውስጥ! ፈለቀ፣ አንተ የልብስ ነገር ታውቃለህ፤ ኮት ላይ ኮት የለበሰ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» ብሎ ጮኸ። ሰቃ ላይ ደግሞ አቮካዶ በዳቦ ነበር። አቮካዶ ከማንም ጋር መኖር የማይችል፣ ከተጠጋበት ሁሉ የሚንሸራተት ፍሬ ነው ተባለ። ይህን ሁሉ የሚለው እየበላ ነው። የትም ቢሆን ማሳረጊያው አይለወጥም፦ ጠርሙሷ ትከደናለች፣ ጣት ይላሳል፣ «ቦሩ ቤት ትመጣና…» ይባላል።

ፈለቀ ለሚስቱ ለእታገኝ ይህን እያስመሰለ ሲነግራት ቤቱ በሳቅ ይሞላ ነበር። በሌለበት ስም ሳይቀር «አቶ ቦሩ» ብለው አወጡለት።

«አቶ ቦሩ ዛሬስ ምን ሠርቶ አበላህ?» ትላለች እታገኝ።

«ግማሽ የተቀቀለ ወሬ።»

«ውይ ሰውዬው! ስንት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አይጠራህም?»

ልጆቹ ይስቃሉ። አንድ ቀን ግን ይቺው እታገኝ ሳቋን ሳትጨርስ «አንተስ ጠርተኸው ታውቃለህ?» አለችው። ፈለቀ ወሬ ለወጠ።

ነገሩ ሳይነገር የሚታወቅ ነገር ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እስላምና ክርስቲያን ጅማ ውስጥ አጥር ተጋርተው፣ ልጅ ተጠባብቀው፣ ሐዘንና ሠርግ አብረው ይውላሉ፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ይበላል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይቀየምም፣ ለዚያም መላ አለው። ፈለቀ ግን ከብርድ አገር የመጣ ዓይን አፋር ነበርና መላውን ሳያውቅ ፈራ። ሱቁን በተጋሩበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በኢድ ማግስት፣ ቲጃኒ አዲስ ጀለቢያውን እንደለበሰ መጥቶ «ተነሣ፤ ሐጂራ እየጠበቀችህ ነው» አለው። ሐጂራ ሚስቱ ናት። ፈለቀ ባንድ ጊዜ ብዙ ነገር አሰበ፦ ሥጋ ቢያቀርቡልኝስ? ሴትዮዋ ፊት አልበላም ብል ምን ትላለች? ብበላስ ለንስሐ አባቴ ምን እላለሁ? ከአፉ የወጣው ግን አጭር ነበር።

«ጾም ነኝ።»

ቲጃኒ ለአፍታ አየው። ከዚያ ሳይስቅ፣ ሳይከፋው፣ «አላህ ይቀበልህ» ብሎ ትከሻውን መታ አድርጎት ሄደ። ቦሩ የተባለው ነገር የተጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ፈለቀም በጊዜው ከጭንቅ ስለ ተገላገለ ነገሩን መለስ ብሎ አላየውም።

ባለፈው ክረምት ሐጂራ ታመመች። ቲጃኒ ሱቅ አርፍዶ መግባት፣ ቀድሞ መውጣት ጀመረ። ፈለቀ ሐኪም ቤት ሄዶ ጠየቃት፤ ተኝታ ነበር፣ አላነጋገረችውም። እቤቷ ከተመለሰች በኋላ «እስቲ ልምጣና ልጠይቃት» አለው።

«ቦሩ ትመጣለህ» አለ ቲጃኒ የአንድ ሚዛን ሰንሰለት እየፈታ። «ቦሩ ትንሽ ይሻላታል፤ ራሷ ተነሥታ ሠርታ ታበላሃለች። እንዲህ ተኝታ እንድታያት አትፈልግም።»

ፈለቀ «እሺ፣ ቦሩ» አለ። አፉ የለመደው እሱን ነበር። ከሱቃቸው እስከ ቲጃኒ ቤት ያለው መንገድ አንድ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ የሚፈጅ አይደለም። በዚያ ሳምንት ውስጥ በማናቸውም ቀን መሄድ ይችል ነበር። አልሄደም። ሐጂራ አልተሻላትም።

ቀብሯ በዕለቱ ከዙህር ሶላት በኋላ ተፈጸመ። ፈለቀ ከኋላ ቆሞ ሸኘ። ወደ ሐዘን ቤቱ ሲገባ፣ ለስንት ዓመት በወሬ ሲመላለስበት የኖረውን በር እግሩ የረገጠው ያን ጊዜ ነበር። ግቢው ጠባብ ነው፤ አንድ የማንጎ ዛፍ፣ አንድ ድንኳን፣ በርከት ያለ ሰው። ቲጃኒ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። ፈለቀ አቅፎት «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለው። ቲጃኒ «አሚን» ብቻ አለ።

ክርስቲያን ጎረቤቶች በተቀመጡበት ጥግ ገብቶ እንደተቀመጠ የቲጃኒ ልጅ አፊፋ መጣች። ሰኮሩ ከተማ የምታስተምር፣ የእናቷን ዓይን የወረሰች ልጅ ናት። እንጀራ ላይ ሽሮ አድርጋ አቀረበችለት።

«ጋሼ ፈለቀ፣ ይብሉ እንጂ። ሥጋ የነካው ዕቃ አይደለም፤ በእርስዎ ድስት ነው የሠራሁት።»

«በማን ድስት?»

«በእርስዎ።» ከዚያ እንደማያውቅ ገባት። አጠገቡ ቁጢጥ አለች። «እማ ለእርስዎ ብላ የገዛችው ሰማያዊ ድስት አለ እኮ። ቢላውም፣ መክተፊያውም፣ መጥበሻውም ለብቻ ነው። በጨርቅ ታስሮ ጓዳ ውስጥ ከፍ ብሎ ነው የሚሰቀለው፣ ማንም ሥጋ እንዳያገባበት። ልጆች ሆነን ከነካነው ‹የፈለቀን ድስት ልቀቁ!› ብላ ትጮህብናለች። እኔማ ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ ፈለቀ የድስት ዓይነት ነበር የሚመስለኝ።»

ሳቅ አለች፤ ሳቋ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

«እርጥብ ልትሠራልዎት ነበር ሐሳቧ። የጾም ቀን ከሆነ በምን፣ የፍስክ ከሆነ በምን እንደሆነ ሁሉ ታውቃለች። ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ፣ የረቡዕና የዓርብ ጾም በስንት ሰዓት እንደሚፈታ ከጎረቤት ትጠይቃለች። ሽንኩርቱን አታቻኩይው እያለች እኔንም አስተምራኛለች፤ አባ አጠገባችን ተቀምጦ ያዳምጣል።»

«የሚሠራው እሱ አይደለም እንዴ?»

«አባ? አባ ውሃ አፍልቶ አያውቅም!»

ፈለቀ የቆረሰውን እንጀራ እንደያዘ ቀረ። «ታዲያ ለምን አልጠራኝም?» አለ። ሲጠይቅ ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር፤ በማን እንደ ተቆጣ ግን አላወቀም።

አፊፋ አንገቷን ደፋች። «እማም ትጠይቀው ነበር። ‹ዛሬ ና ብዬው እምቢ ቢለኝስ?› ይላታል። ‹አንዴ ሐሙስ ቀን ጾም ነኝ ብሎኛል። ቦሩ ስለው ግን አንድም ቀን እምቢ ብሎኝ አያውቅም።›»

ሐሙስ። ከእስላም ጎረቤት ጋር የኖረ ክርስቲያን የረመዳንን ወር እንደሚያውቅ፣ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር ያደገ የጅማ እስላምም ረቡዕንና ዓርብን ያውቃል። ያ ኢድ የወደቀበት ወር ጾም የሌለበት ወር ነበር፤ ቀኑም ሐሙስ ነበር። ቲጃኒ ውሸቱን ያን ዕለት፣ እዚያው ቆሞ አውቆታል። አውቆትም «አላህ ይቀበልህ» አለው። ከዚያ በኋላ ወዳጁ ሁለተኛ እንዳይዋሽ፣ እሱም ሁለተኛ እምቢታ እንዳይሰማ፣ መልስ የማይፈልግ ግብዣ ፈልጎ አገኘ። ፈለቀ ደግሞ በዚያ ግብዣ ስንት ምሽት ቤተሰቡን አሳቀበት።

ሽሮውን በላ። ጥሩ ሽሮ ነበር። የበላው ግን ድስቱን የገዛችለት ሴት መሬት ውስጥ ገብታ፣ ሌላ ሰው ሠርቶበት፣ እሱም እንግዳ ሆኖ ሳይሆን ለቀስተኛ ሆኖ መጥቶ ነው። ሐጂራን በሕይወቱ ያነጋገራት ከሰላምታ የዘለለ አልነበረም። ቆጭቆጫዋን ግን ስንት ዓመት በላላት! እጇን ሳያውቅ ከእጇ ጎረሰ። አንድ ቀን «እጅሽ ይባረክ» የሚላት ሰው እንኳ አልሆነም፤ ይህ በጣም ቆጨው።

ቲጃኒ ከሐዘኑ በኋላ ሱቅ ተመለሰ። ሚዛኑን ይጠግናል፣ ለተናገረው ይመልሳል። ፈለቀ ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ባህሪያ ጎትቶ ወሰደው። ያን ቀን ዘይቷ ከመጠን በላይ ግሎ ድንቹ በአንድ ጎኑ ጠቁሮ ነበር፤ ባህሪያ ራሷ አፍራ «ጋሼ፣ ዛሬ ተናደድብኝ፤ ይገባኛል» አለች። ቲጃኒ መዳፉ ላይ አልመዘነም። አልከፈተም። ጠርሙሷንም አላወጣም። ጎረሰ፣ አኘከ፣ ዋጠ።

«ጥሩ ነው» አለ።

ባህሪያ ጭልፋዋን አስቀመጠች። እነሱ ሲወጡ ፈለቀን እጅጌውን ይዛ አስቀረችው። ዓይኗ ውሃ ሞልቷል። «ጥሩ ነው አለኝ እኮ! ጋሼ ፈለቀ፣ ይሄ ሰውዬ ሊሞትብን ነው!»

አጋሮም ጥሩ ነው፣ ሰርቦም ጥሩ ነው ሆነ። ኮት ላይ ኮት የለበሰውን ሳምቡሳ ግማሹን በልቶ ግማሹን በወረቀት ጠቅልሎ ተወው። ቦሩ የሚባል ቃልም ከአፉ ጠፋ። ፈለቀ ያን የሰለቸውን ቃል እየጠበቀ ጆሮውን ሲያቆም ራሱን ያገኘው ጀመር። ሰው የሚናፍቀውን አይመርጥም።

አንድ ማክሰኞ ቲጃኒ ሱቅ ሳይመጣ ቀረ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ፈለቀ እቤቱ ገብቶ እታገኝን ድንች ጠየቃት።

«ለምን?»

«ቲጃኒ ቤት ሄጄ ልሠራለት ነው።»

እታገኝ እንደ መሳቅ አለች፣ ፊቱን አይታ ተወችው። «አንተ ጠብሰህ ታውቃለህ?»

«በወሬ ተምሬያለሁ።» ድንቹን ፌስታል ውስጥ እየከተተ ቆም አለ። «ግን ሰውዬው ምን ይላል? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት አይሆንብኝም?»

«አንተን ነው ያልጠሩህ?» አለች እታገኝ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም እየጨመረችለት። «ስንት ዓመት ሙሉ ሲጠሩህ ኖረሃል እኮ። ሂድ።»

በሩን አፊፋ ከፈተችለት፤ ትምህርት ቤቷ ፈቃድ ሰጥቷት እዚያው ነበረች። የተሸከመውንም አየች። ጓዳ ገብታ ድስቱን ከግድግዳው አወረደች፣ ጨርቁን ፈታች። ሰማያዊው ቀለም እንዳለ ነበር፤ አንድ ቦታ እንኳ አልተላጠም። መጥበሻውም እሳት ነክቶት የማያውቅ ነበር።

ቲጃኒ ግቢ ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፈለቀ እጅጌውን ሰብስቦ ወጥ ቤት ሲገባ አይቶ ተነሣ፤ መጥቶ ደፉ ላይ ተቀመጠ። «ምን እያደረግህ ነው?» አላለም። የፈለቀን እጅ ያይ ጀመር።

ፈለቀ ድንቹን ላጠ፣ ግማሽ ቀቀለ። አውጥቶ ሊያሳርፈው ነበር፤ ሲፈራ ረሳውና ዘይት ውስጥ ከተተው። ድንቹ ተንጣጣ፣ እጁን አቃጠለው። በዱሮው ቲጃኒ ፊት ይህ ሁሉ ቢሆን ኖሮ ሰማይ ይደፋ ነበር። የአሁኑ ግን ዝም አለ። ፈለቀ ሽንኩርቱን ከትፎ ሰማያዊው ድስት ውስጥ ጨመረና ነገሩ ቶሎ እንዲያልቅለት እሳቱን ከፍ አደረገ።

«አታቻኩለው» አለ ከደፉ ላይ አንድ የጎረነነ ድምፅ።

የፈለቀ እጅ ባለበት ቆመ። ዞሮ ለማየት አልደፈረም።

«የተቻኮለ ሽንኩርት ይመራል አላልኩህም? እሳቱን ቀንስ። ቀንስ አቦ! እንዲህ ነው እንዴ ስትሰማኝ የኖርከው?»

ፈለቀ ቀነሰ። አፊፋ ከኋላ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ቆማ ነበር። ስልሱ መንተክተክ ሲጀምር ፈለቀ ዳቦውን ሰንጥቆ በሆዱ ከድስቱ አፍ ላይ ደፋው። እንፋሎቱ ወጥ ቤቱን ሞላው። ቲጃኒ ሽታው ሲደርሰው ዓይኑን ጨፈነ። እንባው ሲወርድ አልደበቀውም፤ ፈለቀም ያላየ አልመሰለም።

ሁለቱም ዱካ ላይ ተቀመጡ። ቲጃኒ «ቢስሚላህ» ብሎ ዳቦውን ተቀበለ። መዳፉ ላይ አድርጎ ከፍ ዝቅ አደረገው። ከፈት አድርጎ አየው። አፊፋ ሳትጠየቅ ጓዳ ገብታ ያችን የማር ጠርሙስ አምጥታ አጠገቡ አስቀመጠች። እናቷ የፈጨችው የመጨረሻው ቆጭቆጫ ነበር፤ ከታች ትንሽ ቀርታለች። ቲጃኒ ጠርሙሷን ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ክዳኑን ፈታና ለፈለቀ አንድ ማንኪያ፣ ለራሱም አንድ ማንኪያ አደረገ።

ቀስ ብሎ በላ። ፈለቀ የራሱን ሳይነካ ይጠብቅ ነበር።

«ድንቹን አላሳረፍከውም» አለ ቲጃኒ።

«አላሳረፍኩትም።»

«ጨው ፈርተሃል። ሽንኩርቱም መጀመሪያ ላይ ተቻኩሏል፤ ምላስ ላይ ይታወቃል። እኔ ቤት ሲሠራ…» ቆም አለ። የተቀመጡት እሱ ቤት ነበር። ጎረሰ፣ አኘከ። «ግን ተዋውቀዋል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዳቦውና ድንቹ። ተዋውቀዋል።»

«እጇ ይባረክ» አለ ፈለቀ።

«አሚን።»

በልተው ጨረሱ። ጠርሙሷ ውስጥ የቀረችው አንዲት ማንኪያ የምትሞላ ብትሆን ነው። ቲጃኒ ጠርጎ ሊያወጣት ማንኪያውን አስገባ፣ መለስ አደረገው፣ ክዳኑን ገጠመ።

«ይቺ ትቆይ» አለ። «ቦሩ ትመጣና…»

ቃሉ ከአፉ እንደ ወጣ ፊቱ ተለወጠ። ለሐጂራም ቦሩ ይሻልሻል ሲላት ነበር የከረመው። ጠርሙሷን ጭብጥ አድርጎ መሬት መሬት አየ።

ፈለቀ እጁን ወደ ጠርሙሷ ዘርግቶ ከቲጃኒ እጅ ላይ አሳረፈ።

«ስንት ሰዓት?» አለው።

ቲጃኒ ቀና አለ። ያን ጥያቄ ብዙ ዓመት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ይመስል ነበር።

«ነገ ረቡዕ አይደል?» አለ። «ዘጠኝ ሰዓት። ሐጂራ ሁልጊዜ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምትለው።»